የሰባት ዓመቷ ወይዘሮ

ወይዘሮ ማራማዊት ደሳለኝ ማክሰኞ ጠዋት፣ አንድ ሰዓት ተኩል ሲሆን፣ በስልሳ ስድስት ዓመታቸው የሰባት ዓመት ልጅ ሆኑ።

ነገሩ የተፈጸመው በሐዋሳ ሐይቅ ወደብ መግቢያ በር ላይ ነው። በ2093 ዓ.ም. እንደነበሩት በሮች ሁሉ ይህም በር በነጻ የሚከፈት ነበር። ብቻ ከመከፈቱ በፊት ዘጠና ሰከንድ ያጫውታል። መስተዋቱ ላይ ዓሣዎች ይንሳፈፋሉ፤ ቆሮሶን ከቆሮሶ፣ አምባዛን ከአምባዛ ማጣመር ነው። መጫወት ያልፈለገ ሰው ጥግ ላይ ያለችውን «ዝለል» የምትል ቢጫ ቁልፍ ይነካል፤ ጥቂት ሳንቲም ከሒሳቡ ይቀነሳል፤ በሩም ወዲያው ወለል ይላል። ወይዘሮ ማራማዊት ከወደቡ እስከ ማዶ ሰው የሚያመላልስ ጀልባ ሲነዱ ሠላሳ አንድ ዓመታቸው ነው። በእነዚህ ዓመታት ውስጥ ቢጫዋን ቁልፍ ሳይነኩ የገቡበት ጠዋት አልነበረም። ትልቅ ሰው ቆሞ ዓሣ አያጣምርም።

የዚያን ቀን ግን ሲያካፋ ስላደረ ጣታቸው ረጥቦ ነበር። ሊነኩ የፈለጉት ቁልፏን፣ የነኩት አንዲት ቆሮሶን ሆነ። ቆሮሶዋም ተንሸራታ ከአንድ ግዙፍ አምባዛ ጋር ተላተመች።

«ፕርርርጥ!» አለ አምባዛው።

ወይዘሮ ማራማዊት ግራና ቀኛቸውን አዩ። አጥሩ ላይ ከቆመው አባ ኮዳ ወፍ በቀር ማንም የለም። ሌላ ቆሮሶ ጎተቱና ሌላ አምባዛ ላይ ለጠፏት።

«ፕርርርጥ!»

ሳቁ ከሆዳቸው ነው የመጣው። በሩ ተከፍቶ «ይግቡ» ሲላቸው አልገቡም፤ ከመጀመሪያው አስጀመሩት። ደግመው አስጀመሩት። በአራተኛው ዙር እንባቸው እየወረደ፣ በአንድ እጃቸው ጎናቸውን ደግፈው፣ መስተዋቱ ላይ ያሉትን አምባዛዎች አንድ ሳያስቀሩ አስፈሷቸው። አባ ኮዳው ተሰላችቶ በረረ።

ያን ጊዜ ዕድሜ የሚያሳየው የእጃቸው አምባር ሞቅ አለ። ሰማያዊ የነበረው ብርቱካናማ፣ 18 የነበረው ቁጥር 7 ሆነ።

«ጎበዟ ማራዬ!» አለ በሩ፣ እስከዚያ ድረስ ያልነበረ የመዋዕለ ሕፃናት መምህርት ድምፅ አውጥቶ። «ዕድሜሽ ታርሟል። ስትገቢ እንዳያዳልጥሽ፣ እሺ?»

አንቱታውም አብሮ ሄደ።

ይህ እንዴት እንደሚሆን ሁሉም ያውቃል፤ ማንም ግን በራሱ ላይ ይደርሳል ብሎ አይጠብቅም። ድሮ፣ የወይዘሮ ማራማዊት ወላጆች ወጣት በነበሩበት ዘመን፣ የዕድሜ ቁጥር የሚለጠፈው ጨዋታዎች ላይ ነበር ይባላል፤ ይህኛው ከሦስት ዓመት በላይ፣ ያኛው ከሰባት፣ ያ ደግሞ ከአሥራ ስምንት። ልጆች የልደት ቀናቸውን እየዋሹ መግባት አበዙ። ስለዚህ ቁጥሩ ከጨዋታው ላይ ተነሥቶ ተጫዋቹ ላይ ተለጠፈ። መቼ ተወለድክ የሚል ጥያቄ ቀረ፤ አጨዋወትህ ይናገራል። አውቶቡሱም፣ ቧንቧውም፣ ሐኪም ቤቱም አንድ በአንድ ነጻ ጨዋታ ሲሆኑ፣ ዕድሜ ሰው ቀኑን ሙሉ የሚመዘንበት ነገር ሆነ። ምዘናው ቀላል ነው። መጠበቅ አልችልም ብሎ የሚከፍል ሰው አዋቂ ነው። ሽልማት ሳይኖረው፣ ደስ ስላለው ብቻ የሚደጋግም ሰው ልጅ ነው። ለልጅ ደግሞ መሸጥ ወንጀል ነው፤ ልጅ ባለበት በአሥራ አምስት እርምጃ ክልል ውስጥ ለማንም መሸጥም እንዲሁ። ሕፃናቱም ገና በጨቅላነታቸው ቢጫዋን ቁልፍ መንካት ስለሚለምዱ፣ በከተማው ባለ ብርቱካናማ አምባር ብርቅ ነበር።

ወይዘሮ ማራማዊት በሩን አልፈው ወደ ጀልባቸው ሲሄዱ የሆነ ነገር ጎደላቸው። ቁልፍ የረሱ መስሏቸው ኪሳቸውን ዳበሱ። ሃያ እርምጃ ያህል ከሄዱ በኋላ ነው የገባቸው፤ ኢዮስያስ ዝም ብሏል።

ኢዮስያስ ባላቸው ነበሩ። ከሞቱ ስድስት ዓመት ሆኗቸዋል። ድምፃቸው ግን አልሞተም፤ ማስታወቂያ ሁሉ ሰው በሚወደው ሰው ድምፅ ስለሚነገር፣ ወይዘሮ ማራማዊትን በየቀኑ ሲከተላቸው ኖሯል። «ማራ ውዴ፣ ወንበሩን ላሞቅልሽ?» ይላል አግዳሚው። «ማራ ውዴ፣ ነፋሱ አልበዛብሽም?» ይላል የመብራት ምሰሶው። ቤት ሲገቡ ቧንቧው፣ ሲተኙ ትራሱ። መጀመሪያ ሰሞን ያለቅሱ ነበር። ኋላ ሰው የቆየ የጥርስ ሕመም እንደሚለምደው ለመዱት።

አሁን ከአግዳሚው ምንም አልመጣም። ውሃው ድንጋዩን ሲልስ ይሰማል። ከሩቅ አንድ ሞተር ይንኳኳል። ለአንዲት ቅጽበት ሰውዬው ለሁለተኛ ጊዜ የሞቱ መሰላቸው። ከዚያ እርጥቡ አግዳሚ ላይ ቁጭ አሉ። ላድርቅልሽ የሚላቸው አልነበረም። ቀሚሳቸው በሰበሰ። እግራቸውን እያወዛወዙ ሐይቁን ሲያዩ ቆዩና፣ ለምን እንደሆነ ሳያውቁት እንደገና ሳቁ።

ችግሩ የመጣው ሞተሩን ሲያስነሡ ነው።

«ማራዬ፣» አለ ጀልባው፣ «ትልልቅ ሰዎች አጠገብሽ ሳይኖሩ ጀልባ መንዳት አይፈቀድልሽም። አታልቅሺ። አሳዳጊሽን ጠርቼልሻለሁ።»

አሳዳጊያቸው ልጃቸው ነበረች። ዘነበች ኢዮስያስ ሠላሳ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ እሷ ስትወለድ የጥንት ስም ማውጣት ፋሽን ነበርና ከክፍሏ ልጆች ሦስቱ ዘነበች ይባሉ ነበር። ፒያሳ ካለው ረጅም ፎቅ ላይ፣ «ቆይታ» በሚባል ኩባንያ ውስጥ የመጠበቂያ ባለሙያ ናት። ሥራዋ አንድ ሰው ቢጫዋን ቁልፍ ከመንካቱ በፊት ስንት ሰከንድ መታገሥ እንደሚችል ለክቶ፣ ከዚያ በአራት ሰከንድ ማስበለጥ ነው። የወደቡን በር ዘጠና ሰከንድ ያደረገችው እሷ ናት። በጥሩ ሠራተኛነቷ ሁለት ጊዜ ተሸልማለች።

ባጃጇ ሳትቆም ዘላ ወረደች።

«እማ! ምን አድርገሽ ነው?»

«ዓሣ አስፈሳሁ።»

«ምን?»

«አምባዛ። ከቆሮሶ ጋር ስታላትሚው ይፈሳል። አንቺ አይደለሽ እንዴ የሠራሽው? አታውቂም?»

ዘነበች ዓይኗን ጨፈነች። «እሱ የስሕተት ድምፅ ነው፣ እማ። ሰው እንዲያፍር ነው የተደረገው።»

«እኔ አላፈርኩም።»

«አይቻለሁ።» አምባሩን አገላብጣ አየችው። «ይግባኝ እንላለን። መርማሪ ከአዲስ አበባ እስኪመጣ አሥር ቀን ይፈጃል።»

«አሥር ቀን ሙሉ ልጅ ልሆን ነው?»

«እማ፣ እባክሽ አትደሰቺ!»

«እኔ መች ተደሰትኩ?» አሉ ወይዘሮ ማራማዊት፣ ፊታቸውን ወደ ሐይቁ አዙረው።

መንገደኞቹ ተሰልፈው ይጠብቁ ነበር። ዘነበች በአንድ እጅ ርቀት አጠገባቸው እስከቆመች ድረስ ደንቡ ባለ ሰባት ዓመት ልጅ መሪ እንዲይዝ ይፈቅዳል። ከመሥሪያ ቤቷ የግማሽ ቀን ፈቃድ ጠየቀች፤ ጀልባው ተነሣ።

ያ ጀልባ ለመንገደኛው ነጻ ነበር። መስኮቶቹ ግን በጭጋግ የተሸፈኑ ናቸው፤ ሐይቁን ማየት የፈለገ ከፍሎ ጭጋጉን ያስጠርጋል፤ ከአምስት ደቂቃ በኋላ ተመልሶ ይሸፈናል። ወንበሩ ቀጥ ያለ ነው፤ ለመደገፍ ይከፈላል። በዚያ ላይ አርባ ሰው አርባ የሚወደውን ድምፅ በጆሮው እየሰማ፣ ጣቱን ቢጫ ቁልፍ ላይ አድርጎ፣ ግንባሩን ቋጥሮ ይሻገራል። ዘወትር የሚታየው ይህ ነው።

ከወደቡ መቶ ሜትር ሲርቁ ጀልባው መሸጥ የሚጀምርበት ሰዓት ደረሰ፤ በመሪው ላይ ግን ልጅ አለች። ጭጋጉ ከመስኮቶቹ ሁሉ በአንድ ጊዜ ለቀቀ። ወንበሮቹ ቀስ ብለው ወደ ኋላ ዘመም አሉ። አርባ ሰው ቀና ብሎ እርስ በርሱ ተያየ፤ አንዳንዱ ጆሮውን በጣቱ ጎረጎረ።

«ምን ሆነ? ተበላሸ እንዴ?» አለች አንዲት ነርስ።

«ዝም አለ፣» አለ የዓሣ ሣጥን የታቀፈ ሰውዬ፣ በሹክሹክታ።

ከዚያ ነርሷ ብድግ ብላ በመስኮቱ ጠቆመች። «ጉማሬ! ኧረ ጉማሬ! ግልገል አላት!»

አርባ ሰው ወደ አንድ ወገን ሮጠ። ጀልባው አዘነበለ፤ ወይዘሮ ማራማዊት መሪውን እያቀኑ «ተመለሱ! ልትገለብጡን ነው!» ብለው ጮኹ፤ ሰዉ እየሳቀ ወደ መሐል ተመለሰ። ማዶ ሲደርሱ አሥራ አንድ ሰዎች አልወረዱም። የት ትሄዳላችሁ ቢባሉ፣ ወደመጡበት መመለስ እንደሚፈልጉ ተናገሩ። እዚያው ቆመው እያሉ የሦስቱ አምባር ብርቱካናማ ሆነ። ነርሷ አሥራ ሁለት፣ ባለ ሣጥኑ ዘጠኝ ዓመት ወጣላቸው።

ወሬው ከሰዓት በፊት ከተማውን አዳረሰ።

በነጋታው የወደቡ ሰልፍ እስከ አሞራ ገደል ዓሣ ገበያ ድረስ ደረሰ። ሐሙስ ዕለት ሰዎች ወይዘሮ ማራማዊትን ቤታቸው መጋበዝ ጀመሩ። እሳቸው ሳሎን ቁጭ ካሉ የገላ መታጠቢያው ውሃ ሳይቆራረጥ ይሞቃል፤ ስለዚህ በአንድ ከሰዓት በኋላ ሰባት ቤት ተጋብዘው ሰባት ቦታ ለስላሳ ጠጡ፤ ቤተሰቡ በየተራ እየዘፈነ ታጠበ። ዓርብ የሰፈሩ እድር ለቀብር ወሰዳቸው። የእድሩ ድንኳን የብር አባላት በፀሐይ፣ የአልማዝ አባላት በጥላ የሚቀመጡበት ነበር፤ እሳቸው ገብተው ሲቀመጡ ጣሪያው ለሁሉም ተዘረጋ። ሐዘንተኛዋ አቅፈው ሳሟቸው፤ «ለቅሶዬን ሳይቋረጥ አለቀስኩ፤ ዕድሜ ይስጥሽ፣ ልጄ» አሏቸው። ሐዘንተኛዋ አርባ አምስት ዓመታቸው ነበር።

ዘነበች ጥላቸው ሆና ከኋላ ከኋላ ትሄድ ነበር፤ አሳዳጊ ናትና። መታጠቢያ ቤት ሲጠበቅ ትጠብቃለች። ፎርም ትፈርማለች። የአሥራ ሁለት፣ የዘጠኝ፣ የሰባት ዓመት ልጆች እየበዙ ሲሄዱ፣ አዋቂ ዘመድ ያጡት ሁሉ እየመጡ እሷን ያስፈርሟት ጀመር፤ እስከ ቅዳሜ ድረስ የሁለት መቶ ሰዎች አሳዳጊ ሆነች። ከእነሱ ውስጥ አንዱ የከፍተኛው ፍርድ ቤት ዳኛ ነበሩ፤ ችሎት ላይ በሚሽከረከረው ወንበራቸው መዞር ስለጀመሩ ስምንት ዓመት ወጣላቸው። አንዱ የባንክ ሥራ አስኪያጅ ነው፤ ብዕሩን አፍንጫው ላይ አቁሞ እስከ መቶ መቁጠር መቻሉን ለማሳየት ቢሮዋ ድረስ መጣ። በስምንተኛው ቀን ከከተማው ነዋሪ አሥራ አንድ ሺህ የሚሆነው ልጅ ነበር።

በዚያው ቀን አለቃዋ ጠራት።

«ዘነበች፣» አለ፣ የገቢ ግራፉን ወደ እሷ አዙሮ፤ መስመሩ ከደረጃ ላይ እንደተገፈተረ ሰው ወደ ታች ይወርዳል። «ከተማው እየጠበቀ ነው። ሰዉ ዝም ብሎ ይጠብቃል። ትናንት አንድ ሰው የታክሲ ተራ ላይ አርባ ደቂቃ ቆሞ ሲያፏጭ ዋለ። እናትሽ ዓርብ አዋቂ ካልሆኑ፣ አንቺም እዚህ አትሆኚም። እንኳን አንቺ፣ እኔም አልኖርም።»

ማታ ላይ ነገሩን ለእናቷ ሳትደብቅ ነገረቻቸው። መርማሪው ይግባኙን ካልተቀበሉ የወይዘሮ ማራማዊት የመንጃ ፈቃድ ለዘለዓለም ይሰረዛል፤ መስከረም ላይ ዩኒፎርም ለብሰው አንደኛ ክፍል ይገባሉ። ከተቀበሏቸው ሁሉም ወደ ነበረበት ይመለሳል።

«አባትሽም?» አሉ ወይዘሮ ማራማዊት።

«አባባም።»

ወደ ቧንቧው ዞር ብለው አዩ። ከዚያ የልጃቸውን ፊት አዩት። ከዓይኗ ሥር ጥቁር ሆኗል። ሁለት መቶ ልጅ ስታሳድግ የሰነበተች ሴት ፊት ነው።

«ምንድን ነው ማድረግ ያለብኝ?»

«አንዲት ቁልፍ መንካት ብቻ ነው፣ እማ። አንዴ። ለእኔ ስትይ።»

«እነካዋለሁ። ተኚ አሁን።»

መርማሪው አቶ ያፌት ምሕረቱ ዓርብ ጠዋት ከአዲስ አበባ መጡ። ቀጭን ሰው ናቸው፤ ጥቁር ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ የማስታወሻ ሰሌዳ በብብታቸው ይዘዋል። አምባራቸው ላይ 18 ከተጻፈ ሃያ ዓመት አልፎታል፤ አንዴም አልተንቀሳቀሰም። ምዘናው አመልካቹ በሚሠራበት ቦታ እንዲደረግ ደንቡ ስለሚያዝ ጀልባው ላይ ወጡ። ከኋላቸው አርባ ሰው ተከትሎ ወጣ፤ ነርሷ፣ ባለ ሣጥኑ፣ ዳኛውና የባንክ ሥራ አስኪያጁም አሉበት። ሁሉም ብርቱካናማ ነው። በጀልባው ላይ አዋቂ የነበሩት አቶ ያፌትና ዘነበች ብቻ ናቸው።

«ደንቡ ስለሚያስገድደኝ አንቺ እልሻለሁ፣» አሉ አቶ ያፌት፣ በእናታቸው ዕድሜ ያሉትን ሴት ዓይን እየሸሹ።

«ችግር የለም፣ ልጄ።»

ሐይቁ መሐል ሲደርሱ ሞተሩ ቀስ አለ። አቶ ያፌት አንድ ስክሪን ወይዘሮ ማራማዊት ፊት አቆሙ። ስክሪኑ ላይ አንዲት ነጭ ክብ ዝግ ብላ ትሞላለች። ሌላ ምንም የለም። ከሥሯ ቢጫዋ ቁልፍ አለች። አዋቂ ሰው በአማካይ በአራት ደቂቃ ውስጥ ይነካታል። ለዚህች ሰዓት ሲባል የአሥራ አምስት እርምጃው ሕግ በጀልባው ላይ ታግዷል።

ወይዘሮ ማራማዊት ቃል ገብተዋልና ጣታቸውን ወዲያው ዘረጉ። ጣታቸው ቁልፏን ሊነካ አንድ ስንዝር ሲቀረው ስክሪኑ ተናገረ።

«ማራ ውዴ፣» አለ። «ጊዜሽ ውድ ነው። ዝለዪው፣ የኔ ማር።»

ጣታቸው አየር ላይ ቀረ።

«ዘኒ፣» አሉ። «ይሄ ማን ነው?»

«አባባ ነው፣ እማ። ንኪው በቃ።»

«አባትሽ የኔ ማር ይላል?»

ዘነበች አቀረቀረች።

«ሠላሳ ሦስት ዓመት አብሬው ኖሬያለሁ። አንድ ቀን ውዴ ብሎኝ አያውቅም። ስድስት ዓመት ሙሉ ውዴ ሲለኝ፣ ሞት አሻሻለው እያልኩ ዝም አልኩ እንጂ።»

ከኋላ አንድ ሰው ሳቁን በአፍንጫው ለቀቀ። አቶ ያፌት ዞር ብለው አዩት።

«እኔ ነኝ፣» አለች ዘነበች ድንገት። «ድምፁን የሰጠኋቸው እኔ ነኝ። የሞተ ሰሞን ቤቱ ጭር ሲልብሽ አየሁ። ያለ ድምፁ እንዳታድሪ ብዬ ፈረምኩላቸው። እንዲህ በሄድሽበት ሁሉ ይሸጥልሻል አላሉኝም። ኋላ ሳውቅ ደግሞ ለመናገር አፈርኩ።»

ወይዘሮ ማራማዊት ጣታቸውን ሰበሰቡ። ልጃቸውን ለረጅም ጊዜ አዩዋት። አርባው ሰው ወደ ውሃው ዞረ፤ አንዳንድ ነገር ሲነገር ዞር ማለት ልጆችም ያውቃሉ።

«አንቺ ጅል፣» አሉ በመጨረሻ፣ እጇን ይዘው። «እኔ ደግሞ አንቺ በሰማሽው ቁጥር ደስ የሚልሽ መስሎኝ ነበር ያላስዘጋሁት።»

«እኔ? እኔማ ያንቺን ቤት ደጅ በረገጥኩ ቁጥር ጆሮዬን መድፈን ያምረኛል። አባባ እኮ እንዲህ አይናገርም ነበር።»

«አይናገርማ! ከሰፈሩ ጫፍ ሆኖ ‹አንቺ ካፒቴን! የት ጠፋሽ?› ነበር። መጠበቅ የሚባል ነገር የት ያውቅና! አውቶቡስ ዘገየ ብሎ በእግሩ ይሄዳል፤ አውቶቡሱ ቀድሞት ይደርሳል። ያንቺ የትምህርት መዝጊያ ቀን ትዝ ይልሻል?»

«እማ፣ እባክሽ። እሱን አታውሪው።»

«የምን ቀን ነው?» አሉ አቶ ያፌት። ለምን እንደጠየቁ ራሳቸውም አላወቁም።

«ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ በክፍሏ አንደኛ ወጥታለች፤ ትምህርት ቤቷ ማዶ ነው። እሱ አዲስ ሱፍ ለብሶ ወደቡ ላይ ይጠብቀኛል። እኔ ከማዶ እየመጣሁ ነው፤ ያየኛል፤ እዚያ ነኝ። ሦስት ደቂቃ ይቀረኛል። አልቻለም! ከነሱፉ፣ ከነጫማው ዘሎ ገባ! እየዋኘ ሊቀበለኝ!»

ጀልባው በሳቅ ተናጋ። «ከዚያስ?» አሉ አቶ ያፌት።

«ከዚያማ በዓሣ መረብ ጎትተን አወጣነው። ሳይለውጥ ሄደ፤ አልጠብቅም አለ። አዳራሹ ውስጥ ፊት ለፊት ተቀመጠ፤ ከሥሩ ኩሬ ሠራ። የአንደኛ ወጪዋ አባት ይነሡልን ተባለ። ኮራ ብሎ ሲነሣ፣ ከደረት ኪሱ ውስጥ አንዲት ቆሮሶ ዘላ ርዕሰ መምህሩ ጭን ላይ!»

አቶ ያፌት የማስታወሻ ሰሌዳቸውን ጣሉት። ሳቃቸው እንደ ዛገ በር መጀመሪያ ሲጥ አለ፤ ከዚያ ተከፈተ። አቀርቅረው፣ ጉልበታቸውን ይዘው ሳቁ። ትንሽ ፋታ ሲያገኙ ዓይናቸውን ጠርገው «እስቲ እንደገና ንገሪን፤ ከመዝለሉ ጀምረሽ» አሉ።

አምባራቸው ሞቀ። 18 የነበረው 12 ሆነ።

«ጎበዙ ያፌት!» አለ አምባሩ። «ኮትህን አውልቀህ ተጫወት፣ እሺ?»

አቶ ያፌት ቁጥሩን አዩ። አርባውን ሰው አዩ። ከዚያ ዘነበችን አዩና ፊታቸው ተለወጠ። ዘነበች ከንፈሯን ነክሳ፣ ሁለት እጇን አፏ ላይ ጭና፣ ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ነበር። እናቷ ሲያወሩ ድፍን ሠላሳ ዓመት ያፈረችበት አዳራሽ፣ ኩሬው፣ ያቺ ዓሣ፣ የአባቷ ኩሩ ፊት አንድ ላይ መጥተውባታል።

«ወይዘሪት ዘነበች፣» አሉ አቶ ያፌት፣ በተቻላቸው መጠን የመንግሥት ድምፅ አውጥተው፣ «እባክዎ አይሳቁ። ሐይቅ መሐል ነን። በዚህ ጀልባ ላይ የቀሩት አዋቂ እርስዎ ብቻ ነዎት።»

ይህን ባይሉ ይሻል ነበር።

ዘነበች ፈነዳች። እጇ ከአፏ ላይ ተፈናጥሮ፣ ከወለሉ ላይ ተቀምጣ፣ እግሯን እየፈራገጠች ሳቀች፤ መሐል ላይ ሳቁ ለቅሶ ሆነ፣ ከዚያ ተመልሶ ሳቅ ሆነ። እናቷ አጠገቧ ተንበርክከው ጀርባዋን ይመቱላት ነበር፤ እሳቸውም መተንፈስ አቅቷቸዋል። አምባሯ ብርቱካናማ ሲሆን ቁጥሩን ማንም አላየውም።

ሞተሩ ቀጥ አለ። ስክሪኑ ጠፋ።

«ልጆች፣» አለ ጀልባው በደግ ድምፅ፣ «አጠገባችሁ ትልቅ ሰው የለም። አትፍሩ። እየጠራሁላችሁ ነው።» ለጥቂት ጊዜ አሰበ። «በወደቡ ላይ ትልቅ ሰው አልተገኘም። በከተማው ያሉት በልጆች እንዳይረበሹ ቤታቸውን ዘግተዋል። በቅርብ የተገኙት ሻሸመኔ ናቸው። ከሰዓት በኋላ ይደርሳሉ።»

የዚያ ቀን ምዘና መዝገብ እስካሁን አልተዘጋም፤ ውጤቱን መርምሮ የሚፈርም ባለ አሥራ ስምንት ከሐዋሳ አልተገኘም። «ቆይታ» ፎቁን ለቆ ወደ ሌላ ከተማ ሄደ ይባላል። ይህ ሁሉ ግን የኋላ ነው። ለጊዜው ጀልባዋ በጠራ ሐይቅ ላይ ተኝታለች፤ ታቦር ተራራ ከሩቅ ይታያል፤ ፀሐይዋ ገና አልከረረችም።

ወይዘሮ ማራማዊት ቀሚሳቸውን ወገባቸው ላይ ሸብ አድርገው ብድግ አሉ።

«ጀልባ ከሞተር በፊትም ነበር፣» አሉ። «በግራ ያላችሁ አንድ ላይ፣ በቀኝ ያላችሁ አንድ ላይ። መቅዘፊያ የሌለው ያገኘውን ይያዝ!»

ባለ ሣጥኑ ሰውዬ የሣጥኑን ክዳን ነቀለ። ነርሷ ጫማዋን አወለቀች። አቶ ያፌት የማስታወሻ ሰሌዳቸውን ከወለሉ አንሥተው ወረቀቱን ገነጠሉና እጅጌያቸውን ሰበሰቡ። የፍርድ ቤቱ ዳኛ በሁለት እጃቸው ውሃውን መቱት፤ አብዛኛው ተመልሶ ፊታቸው ላይ አረፈ፤ እንደገናም መቱት። ጀልባዋ አንድ ዙር ባለችበት ዞረች፣ ሌላ ዙር ደገመች፣ ከዚያ የወይዘሮ ማራማዊትን ጩኸት የሰማች ይመስል ወደ ማዶው አቅጣጫ ቀስ ብላ ተንቀሳቀሰች።

ዘነበች ከኋላ፣ ከወንበር ሥር ባገኘችው ሰፊ ክዳን እየቀዘፈች ነበር። ክንዷ እስከ ብብቷ ረጥቧል።

«ዘነበች፣» አላት አጠገቧ የነበረው የባንክ ሥራ አስኪያጅ፣ ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ እያለ። «አንቺ ባለሙያ ነሽ። ስንት ደቂቃ ይቀረናል?»

ዘነበች ቀና ብላ የማዶውን ዳርቻ አየች። የጀልባዋን ፍጥነት፣ የሚቀዝፉትን እጆች፣ እናቷ መሪው ላይ ቆመው የሚዘፍኑትን ዘፈን አየች። ሌላ ጊዜ ቢሆን እስከ ሰከንዱ ትነግረው ነበር።

«አላውቅም፣» አለች፤ ክዳኑንም እንደገና ውሃው ውስጥ ነከረችው።